የዕቃ ቤቱ ሙቀት

ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታክል ነው። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለችም፤ ሲጋሩን አንስቶ፣ አሽትቶ፣ ለኩሶ መንገዱን ይቀጥላል። ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ ትምባሆ መሃል ያደገች ሴት ናትና፣ ሣጥኑን ከፍታ ያችን ቀዳዳ ስታይ ምን እንደሆነች ወዲያው ገባት። ሲጋሩን በሁለት ጣቷ አንስታ ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አደረገችው። ቡናማ ብናኝ ረገፈ። ብናኙ መሃል ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥንዚዛ በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ታወራጫለች።

ነቀዝ ነው። ቃሉን በልቧ ብቻ ነው ያለችው፤ አባቷ ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ቀጥሎ ያለውን ሣጥን ከፈተች፤ ደህና ነው። የሚቀጥለው ላይ ሦስት ቀዳዳ። ከሱ ሥር ያለው ደግሞ ለወሬም አይመች፤ አንዱን ሲጋር ገና ስትነካው እጇ ላይ ፍርክስክስ አለ። ወዲያው ወደ ላይ ቤት ሮጣ ለአሠሪዋ መንገር ነበረባት። መጀመሪያ ያደረገችው ግን እሱን አይደለም። ግድግዳው ላይ ወዳለው የማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ሄዳ ከሃያ ሦስት ዲግሪ ወደ አሥራ ሰባት መለሰችው። ማሽኑ ጉርምርም ብሎ ተነሣ። አባቷ ቀና ብሎ ማሽኑን አየ፣ ልጁን አየ፤ ከዚያ ከኮቱ ኪስ የሱፍ ጓንቱን አውጥቶ አጠለቀ።

ቤቱ ትልቅ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ። ላይ ቤት ስምንት ሲጋር ጠቅላዮች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ግማሹ ቀን በሥራ፣ ግማሹ በሰው ሐሜት ያልቃል። ከእነሱ ጎን፣ ትልቁ መስኮት ሥር፣ ቅጠል መራጯ ጠረጴዛዋን ይዛ እያንዳንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን እያነሣች ታያለች፤ ለስላሳውን ለላይ ልባስ፣ ሻካራውን ለመሙያ፣ የተበላውን ወደ ቅርጫት። ምድር ቤት ያለው ደግሞ ዕቃ ቤቱ ነው። ግድግዳውም መደርደሪያውም በጥድ እንጨት የተለበጠ፣ መስኮት የሌለው፣ የተጠቀለለ ሲጋር ሁሉ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወራት የሚተኛበት ክፍል። ቁልፉ የሚንጠለጠለው ጠባቂዋ አንገት ላይ ነው።

ይኼ ነቀዝ የሚሉት ነገር ከውጭ በር አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ አይደለም። እንቁላሉ ከእርሻው ጀምሮ ቅጠሉ ላይ አለ፤ ዓይን አያየው፣ እጅ አይዳስሰው። የጥድ ሽታ ያባርረዋል የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እውነተኛው መላ ብርድ ነው። ከአሥራ ስምንት ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ እንቁላሉ እንደተኛ ይቀራል። ሃያን ካለፈ ይፈለፈላል፤ ትሉ ሲጋሩን ከውስጥ እየበላ መንገድ ያወጣል፣ ጥንዚዛ ሆኖ በስቶ ይወጣና በሚቀጥለው ሣጥን ላይ ደግሞ ይወልዳል። ሌሎች ቤቶች ሲጋራቸውን ሁሉ ገና ሳያከማቹት ፍሪዘር አስገብተው እንቁላሉን ይገድላሉ። እዚህ ቤት ግን አይደረግም። በረዶ የነካው ሲጋር ነፍስ የለውም ብሎ ያስከለከለው የጠቅላዮቹ አለቃ የነበረው ሰው ነው። እውነት ይሁን አይሁን ማንም አጣርቶ አያውቅም፤ አባ ምላጭ ካለ አለ ነው።

አባ ምላጭ እንግዲህ ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው አባቷ ነው። ስሙ የወጣለት ቅጠሉን ሳያይ፣ ከሰው ጋር እየተጨዋወተ፣ በአንድ ጉተታ ልክክ አድርጎ ስለሚቆርጠው ነው። ጨዋታው ግን ሥራ ላይ ያበቃል። የሌላው ሰው ሲጋር ጫፉ ትንሽ ከተወላገደ እጁን ሰደድ ያደርግና ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ይፈታዋል። የተፈታባቸው ሁሉ በሆዳቸው ይረግሙት ነበር፤ ግን ደግሞ ለሰው ሲያወሩ ሥራ የተማርኩት ከሱ ነው እያሉ ይኩራሩበታል። ልጁን ዕቃ ቤት ያስገባትም ብርዱን መጠበቅ ያስተማራትም እሱ ነው። የተኛ ሕፃን ያለበት ክፍል ነው ብለሽ አስቢ ይላት ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ጣቶቹ ታሰሩ። መገጣጠሚያው አብጦ እየተጣመመ ሄዶ አንድ ቀን ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ቤት ዋለ። ሚስቱ ቀድማው አርፋለች፤ ልጁ ሥራ ትሄዳለች፤ ሰውየው ከግድግዳው ጋር ቀረ። ምግብ ሲቀርብለት በኋላ ይላል፤ ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም። ልጁ ስትመለስ ጠዋት የተወችበት ቦታ ላይ፣ ጠዋት የተወችበትን ልብስ ለብሶ ታገኘዋለች። እንዲህ ሁለት ወር አለፈ። ሦስተኛው ወር ላይ እየሞተ እንደሆነ ገባት፤ በሽታ ሳይሆን ባዶነት እየገደለው። የሥራ ቤቱን ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉትን ሰው፣ ሄዳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ አባቴ ዕቃ ቤት መጥቶ ይቀመጥልኝ፣ ምንም ነገር አይነካም አለች። ጋሼም በልጅነቱ ሲጋሩ ከተፈታበት ሰዎች አንዱ ነበርና እምቢ ማለት አልሆነለትም።

አባቷ ከዚያ ወዲህ ነፍስ ዘራ። ሣጥን ይከፍታል፣ ያሸታል፣ ላይ ቤት ያሉትን በሌሉበት ያብጠለጥላል። "ይኼን የጠቀለለው ሰውዬ ጫማውንም እንዲህ ነው የሚያስረው?" ይላል። ምግቡን ይበላል። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ስለ ነገ ያወራል። ያ የተላጠ ወንበር ለሷ ወንበር አልነበረም፤ አባቷን በሕይወት ያቆየላት ነገር ነበር።

ዕቃ ቤቱ ግን አሥራ ሰባት ዲግሪ ነው። ለሲጋር ምቹ፣ ላበጠ መገጣጠሚያ ጠላት። ኮትና ጓንት ለብሶም ቢሆን እኩለ ቀን ሲደርስ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ወትፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይቀመጣል። ሐኪሙ ብርድ ቦታ እንዳያዩህ ብሎታል። ይኼ ማለት ደግሞ ወደ ግድግዳው ተመለስ ማለት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ሊይዝ ሞክሮ ከእጁ አመለጠው፤ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የዚያኑ ዕለት ማቀዝቀዣውን ሁለት ዲግሪ ከፍ አደረገችው። ለጥቂት ቀን ብቻ ብላ። ሁለቱ አራት ሆነ፣ አራቱ ስድስት። መዝገቡ ላይ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ፣ አሥራ ሰባት እያለች ጻፈች። የመጀመሪያውን ስትጽፍ ዞራ በሩን አይታ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እየዘመረች ነበር የምትጽፈው።

የልፋቷን ዋጋ ደግሞ በዓይኗ አየች። አባቷ ጓንቱን አወለቀ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈት ዘጋ እያደረገ ሲስቅ ያዘችው። ከዚያ አንድ ቀን ቁርጥራጭ ቅጠል አምጪልኝ አላት፤ ስታመጣለት ጠቀለለ። የመጀመሪያው አሳፋሪ ነበር፤ ራሱ ፈታው። አምስተኛው ሲጋር ይመስላል። አሥረኛው ሲጋር ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አባቷ ያን ያህል ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ እሷም ብትሆን። ላይ ቤት ላሉት ትንፍሽ አላሉም። በቀን አንድ ይጠቀልላል፣ ለእሷ ያሳያታል፣ ይፈታዋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት ወር ሞላቸው፤ እንቁላሉም በበኩሉ አልቦዘነም።

ያን ቀን ለጋሼ እንደነገረችው ላይ ቤት ሥራ ቆመ። ሣጥኑ ሁሉ እየተጋዘ ወጣ። ሲጋሩ አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ተመታ፤ የተበሳው ለምድጃ፣ ያልተበሳው በሁለት ድርብ ላስቲክ እየተጠቀለለ፣ አየሩ እየተጨመቀ ለፍሪጅ። አንድ ቀን ፍሪጅ፣ አራት ቀን ፍሪዘር፣ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ። ቸኩሎ በቀጥታ ከበረዶ ያወጣው ሰው ልባሱ እጁ ላይ ይሰነጠቅበታል። መደርደሪያው ተራግፎ ስንጥቁ ሁሉ በብሩሽ ተፋቀ፣ በአቧራ መምጠጫ ማሽን ተጠረገ። የመጀመሪያው ላስቲክ ወደ ፍሪዘር ሲገባ ሁሉም ዞር ብለው አባ ምላጭን አዩት። ኮሪደሩ ላይ፣ ወንበሩን ይዞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተቀምጧል። "አስገቡት" አለ። ከመቶ አሥር ሣጥን ሠላሳ አራቱ አመድ ሆነ።

ከዚያ የማን ጥፋት ነው ተባለ። ጋሼ መዝገቡን አስመጣ፤ ገጹን ገለጠ፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት። ዕቃ ቤቱ እንከን የለውም አለ። እንግዲያው ይኼ ሁሉ ነቀዝ የመጣው ቅጠሉ ገና ሲገባ የተበላ ስለነበረ ነው፤ የተበላ ቅጠል ደግሞ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳውን ማየት ያለባት አንድ ሰው ናት። ከጠቅላዮቹ አንዱ፣ ክፋት ኖሮት ሳይሆን አፉ አላርፍ ብሎት፣ እትዬ ዘንድሮ መነጽር ጀምራለች አይደል አለ። ዕቃ ቤት ጠባቂዋ መዝገቡ አጠገብ ቆማ ነበር። አፏን ከፈተች፤ አባቷ በበሩ በኩል ይታያታል፤ ዘጋችው።

እትዬ የሚሏት ቅጠል መራጯን ነው። ሠላሳ ዓመት ያንን መስኮት ይዛ የኖረች፣ ከመስኮት ጠራጊው ጋር ሳይቀር ብርሃኔን ጋረድክብኝ ብላ የምትጣላ፣ ምላሷ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ሴት ናት። ያን ቀን ሁሉም ጠብ ጠብቆ አንገቱን ቀበረ። ጠብ አልመጣም። እትዬ መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መልሳ አላደረገችውም።

"ዓይኔ ነው" አለች። "ከተጠራጠርኩ ቆይቻለሁ።"

ጋሼ ጨካኝ ሰው አይደለም። ለጊዜው ጠረጴዛውን ሌላ ሰው ይያዘው፣ አንቺ ከልጆቹ ጋር የቅጠል አንጓ፣ የመሃሉን ጅማት፣ እየነቀልሽ ትንሽ እረፊ አላት። ማረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ቀናት ለጠባቂዋ ከስምንት ዓመት ረዘሙባት። እትዬ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ቀድሞ የማትይዘውን። ቤቷ ሆና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደምትሞክር፣ ስድስት ጊዜ እንደሳታት፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ከሩቅ ለማንበብ ፈርታ ሰው እንደምትጠይቅ ለጠባቂዋ አጫወተቻት። ጠባቂዋ እንደ ልጇ ስለሆነች እንጂ ለሌላ ሰው አትናገረውም። ጠባቂዋ ሐኪም ይየው ብትላት፣ የማውቀውን ነገር በወረቀት ጽፎ ይሰጠኝ ብዬ ነው አለቻት። ጠባቂዋ በየምሽቱ ለራሷ ጠበቃ ትቆማለች። የእትዬ ዕድሜ እኮ ገፍቷል፤ ዓይኗ በእርግጥም ደክሞ ይሆናል፤ ዛሬ ባይሆን የዛሬ ዓመት መነሣቷ አይቀርም ነበር፤ ደግሞስ ከደሞዟ ምን ተቀነሰ። እያንዳንዱ ክርክር ትክክል ይመስላል፤ ግን አንዱም እንቅልፍ አላመጣላትም። ብትናገር አባቷ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ባትናገር እትዬ ጤነኛ ዓይኗን ይዛ ዕውር ትሆናለች። ነገሩ ይኼው ነው፤ ሌላ መውጫ ፈልጋ አጣች።

በስምንተኛው ቀን ለሥራ ጉዳይ ወደ ላይ ወጣች። እትዬ ከወጣቶቹ ሴቶች መሃል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንጓውን የነቀለችለትን ቅጠል፣ ልማድ አይለቅምና፣ ወደ ብርሃን አነሣችው። አየችው። ከዚያ ጎኗ ላለችው ልጅ አሳየቻት።

"ቀዳዳ አለው?"

"የለውም፣ እትዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ልጅቷ በድጋሚ የለውም አለቻት። እትዬም እሺ ብላ ቅጠሉን አስቀመጠች። ጠባቂዋ የመጣችበትን ጉዳይ ረስታ ደረጃውን ወረደች። እትዬ በሕይወቷ ለማንም እሺ ብላ አታውቅም።

የዚያን ምሽት እራት ላይ ለአባቷ ልትነግረው ቆረጠች። ነገ ለሁሉም ሰው እናገራለሁ፣ አንተ ግን ከኔ ስማው ልትለው ነበር ሐሳቧ። የሚያስፈራት ቁጣው ነው። አርባ ዓመት የሰው ሲጋር ሲፈታ የኖረ ሰው ልጁ እንዲህ አደረገች ሲባል ምን እንደሚላት እያሰበች ሳህኑን አቀረበችለት።

"አባዬ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አለችው።

ማንኪያውን እንኳ አላስቀመጠም። "አውቃለሁ" አለ።

በትክክል የሰማች አልመሰላትም። መቼ አወቅህ አለችው።

"በመጀመሪያው ሳምንት ነዋ። ያን ክፍል በቆዳዬ ነው የማውቀው፤ መለኪያ ማየት አያስፈልገኝም።" ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ። "ጣቶቼ ሲፈቱ ታወቀኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ነበር። ከዚያ መጠቅለል ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?"

"እንቁላሉ እንደሚነሣ እያወቅህ?"

"እያወቅሁ።"

እትዬስ አለችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። ትለምደዋለች አለ። ሰው ዓይኑ ቢደክምም ይኖራል፣ ሰውም ያዝንለታል፣ ደሞዟም አልተነካ። ከዚያ የተጣመመ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሻግሮ የልጁን እጅ ያዘ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

"ዝም በይ፣ ልጄ። አንቺን ለምኜሽ አላውቅም። ያን ወንበር ከወሰዱብኝ የምሄድበት የለኝም።"

እውነቱን ነው፤ ለምኗት አያውቅም። እሷ ደግሞ አባቷን አፍራበት አታውቅም ነበር። አሁን አፈረችበት፤ አፍራበትም አዘነችለት፤ እንዲህ ለሚለምን ሰው ማዘኗ ደግሞ ራሷን አስጠላት። እጇን ሳትነጥቀው ቀስ አድርጋ አወጣችና ሳህኖቹን አነሣች።

ጠዋት አባቷን ቤት ትታው ብቻዋን ሄደች። መዝገቡን ከምድር ቤት አንስታ ወደ ላይ ይዛው ወጣች፤ ሁሉም ባሉበት፣ ጋሼም እትዬም ባሉበት፣ የጠቅላዮቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"እዚህ ላይ አሥራ ሰባት የሚለው ውሸት ነው" አለች። "ሃያ ሦስት ነበር። አራት ወር ሙሉ። አባቴን ስለበረደው እኔ ነኝ ያደረግሁት። እሱ አያውቅም።"

የመጨረሻዋን ቃል ለመናገር አስባ አልነበረም የመጣችው፤ ከአፏ አመለጠቻት። ስሙን እንኳ ላትርፍለት ብላ ይሁን፣ እሷም ያወቀችውን ማመን አቅቷት ይሁን፣ ራሷም ለይታ አታውቀውም። ጋሼ መዝገቡን ከፍቶ የሚያምረውን ጽሑፍ ለረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ሠላሳ አራቱን ሣጥን እረሳዋለሁ፣ ይኼን ጽሑፍ ግን አልረሳውም አላት። ከነገ ጀምሮ አንጓ ነቃይ ሆና ትቀጥላለች፤ አባቷ ግን ከእንግዲህ አይመጣም። ከዕቃ ቤቱ ሁሉም ሰው ይውጣልኝ፤ እዚያ የሚኖረው ሲጋር ብቻ ነው አለ።

እትዬ በዚህ መሃል ተነሥታ ወደ መስኮቷ ሄዳለች። ተተክታ የነበረችው ልጅ ሳይነገራት ወንበሩን ለቀቀችላት። እትዬ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ የመጀመሪያውን ቅጠል ወደ ብርሃን አነሣች። ጠባቂ ለነበረችው ሴት አንድ ቃል አልወረወረችላትም፤ ስድብም ምስጋናም። ሴትዮዋ ስድቡን ብትሰማ ትመርጥ ነበር።

አባቷ ወሬውን ሲሰማ ኮቱን አወለቀ። መስቀያው ላይ ሰቀለው። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ አራት ቀን ዋለ፤ እሷ ታበስላለች፣ እሱ በኋላ ይላል። ይቅርታ ልትጠይቀው ትቀርባለች፤ ለምኑ ብላ ትመለሳለች።

በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናት። ሦስት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልጅቷን በአንገቷ ብቻ ሰላም ብላ አልፋ አባትየው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ልጅቷ ውሃ ልታመጣ ጓዳ ገባች፤ በሩን አልዘጋችውም።

እትዬ የመጣችው እሱን ልታጽናና ነው። ሁሉም እንደሚናፍቁት፣ ወጣቶቹ የሚፈታላቸው ሰው አጥተው ሲጋሩን እንደ ቋንጣ እንደሚያጣምሙት አወራችለት። ከንፈሩ ትንሽ እንኳ ፈገግ አላለም። ከዚያ ስለ ልጁ ተናገረች። ልጅህ ላንተ ብላ አበደች፤ እኔ እስካሁን አልወጣልኝም፣ ቀን ይስጠኝ፤ አንተ ግን ንጹሕ ነህ አለችው። ብታውቅ ኖሮ ማሽኑን በገዛ እጅህ ወደ አሥራ ሰባት ትመልሰው ነበር ይላሉ ላይ ቤት፤ እኔም የምለው እሱኑ ነው አለች።

እሱ ግድግዳውን ያያል። ዝም ማለት ይችል ነበር። ጓዳ የቆመችው ልጁም ዝም ይላል ብላ ጠብቃለች፤ እንዲያውም እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝም እንዲል ተመኝታለታለች።

"ያኔ ለሥራ ስመጣ" አለች እትዬ፣ "አስታወስክ? የጋሼ አባት ይህች ምን ታውቃለች ብለው ሊመልሱኝ ነበር። አንተ ነህ ቅጠል አንስተህ ያሳየኸኝ። ስንት ቀዳዳ አለ አልከኝ፤ ሰባት አልኩህ። ስድስት የቆጠርከው አንተ ነበርክ። ይህች ዓይን አላት፣ መስኮቱን ስጧት አልክ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቃልህ ነው የኖርኩት። ባለፈው ዓይኔ ጠፋ ሲሉኝ፣ ከሁሉ በላይ ያፈርኩት አንተን ነው።"

አባ ምላጭ ከግድግዳው ዞረ።

"አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ሙቀቱን። ከመጀመሪያው ሳምንት። ነቀዙን ያስነሣው ሙቀት እንደሆነ፣ ያንቺ ዓይን እንዳልሆነ፣ ሲያነሡሽም አውቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ልጄም ልናገር ብላ ስትነሣ ዝም በይ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መግባትም መመለስም አልቻለችም። እትዬ ለረዥም ጊዜ ሰውየውን አየችው፤ ቅጠል እንደምታይ አድርጋ፣ ሳትቸኩል። ዓይኗ ውስጥ ዕንባ የለም።

"ስምንት ቀን ግድግዳ ይዤ ስሄድ አይተኸኛል" አለች።

"አይቼሻለሁ።"

ነጠላ ጫማዋን እግሯ አካባቢ ፈልጋ አጠለቀች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ውሃውን ሳትቀምስ ወደ በሩ አመራች። አባትየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመቀመጫው ለመነሣት ሞከረና አልሆነለትም።

"ሸኚያት" አለ ልጁን። "ዝናብ ጥሏል፤ ደረጃው ያዳልጣል።"

"ማንም አይምጣ" አለች እትዬ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። "ዓይኔ ደህና ነው።"

በሩን ዘጋችው። መደገፊያውን ሳትይዝ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች ወረደች። አባትና ልጅ የታችኛው በር እስኪዘጋ ድረስ ኮቴዋን አዳመጡ።